ቮልሷን ማን ይዳኛት፣ ኤንትሬውንስ?

በዱርቤቴ ለሹፌሮች፣ ለባለ ጋራዦችና ለሙያ ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ መኪና ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። አልፈርድባችሁም። እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና ማለት ዳገት ላይ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላው የሚሮጥለት፣ ጧት በግፊ የሚነሣ፣ ቦሎ ሊያስለጥፍ ሲሄድ ባለቤቱን በጸሎት የሚያተጋ ነው። ሌላው ዓለም ግን አሮጌ መኪናውን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሜዳ ላይ ያሰልፍና ዳኛ ይጠራበታል። ዳኛው ወረቀቱን ይዞ መኪናውን ይዞራል፣ በርከክ ብሎ ከሥር ያያል፣ ይጽፋል። ባለቤቱ እጁን አጣምሮ ፈተና ላይ እንዳለ ልጅ ይቆማል። አዲስ አበባም የቮልስ ባለቤቶች ተሰባስበው መኪኖቻቸውን በአንድነት ማሳየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገሩ እዚህም መድረሱ ስለማይቀር፣ ሲደርስ በምን ሚዛን እንደምንመዝን ከወዲሁ ብንነጋገር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተውን የአሜሪካን ጥንታዊ አውቶሞቢል ክለብ አሠራር እንይ። መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም 400 ነጥብ ይዞ ነው። ዳኛው ነጥብ አይሰጥም፤ ይቀንሳል። ሥራውንም ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ውጭውን፣ አንዱ ውስጡን፣ አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ ሻንሲውን። የጎደለ ዕቃ፣ የዚያ መኪና ያልሆነ ዕቃ፣ በደንብ ያልተሠራ ሥራ፣ ያረጀ ነገር፣ ሁሉም ነጥብ ያስቆርጣል። ዳኛ መኪናውን አይነካም። ኮፈኑን የሚከፍተው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ባለቤቱ ራሱ ነው። እሳት ማጥፊያ አጠገቡ መኖሩም ግዴታ ነው። (ይህቺን ደንብ ብቻ ወስደን መናኸሪያችን ውስጥ ብንተክላት ዲስኩሬ ዋጋውን አገኘ እላለሁ።)

ጥያቄው የሚቀነሰው ከምን አንጻር ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ከውበት አንጻር ይመስለዋል። አይደለም። መለኪያው ያ መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ ሻጩ ጋ ሲደርስ የነበረው መልክ ነው። ፋብሪካው ጥቁር ቀለም የቀባውን ቡሎን ባለቤቱ አንጸባራቂ ኒኬል ቢያስነክረው ይቀነስበታል። ፋብሪካው ተራ ጨርቅ የሰጠውን ወንበር በቆዳ ቢያስለብስም እንዲሁ። ያልነበረው ብልጭልጭ ቀለም ቢጨመርለትም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ፣ ላቡን አፍስሶ፣ መጨረሻ ላይ «ከመጠን በላይ አሳምረኸዋል» ተብሎ ነጥብ የሚቆረጥበት ሰው ሲበሽቅ ይታያችሁ።

የኮርቬት መኪና አዳሾች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው፣ ሁለቱን ነገር ነጣጥሎ ይመዝናል፤ ዕቃው የራሱ ነው ወይ ለብቻ፣ ዕቃው በምን ሁኔታ ላይ ነው ለብቻ። ከፍተኛውን ደረጃ ለማግኘት ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ 94 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ከዚያም አልፎ ለትልቁ ሽልማት የሚቀርብ መኪና መንገድ ላይ ይነዳል፤ ክላክሱ፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ ሰዓቱ ሳይቀር መሥራት አለበት። የዳሽቦርድ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመበት መኪና ስንት እንዳለ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደምናውቃት ቮልስ እንምጣ። ቮልስ ለዳኛ የምትመች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች፤ ከላይ ሲያዩዋት አንድ ዓይነት ትመስላለች እንጂ ፋብሪካው በየዓመቱ አንድ ነገር ሲቀይር ነው የኖረው። ስለዚህ የሠለጠነ ዓይን ከሩቅ ዓመቷን ይናገራል። የኋላ መስኮቷ ለሁለት ከተከፈለ እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠራች ናት። እንቁላል መሳይ ከሆነ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ። ሰፋ ካለ ከዚያ ወዲህ። የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ካለ ከነሐሴ 1967 በፊት ናት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ በኋላ። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩት ላይ ደግሞ የነዳጅ ጌጅ አታገኙም። ነዳጅ አልቆ ሞተሩ ማንኮራፋት ሲጀምር ሹፌሩ እግሩ ሥር ያለችውን የመጠባበቂያ ቧንቧ መክፈቻ ያዞራል፤ የቀረችው ነዳጅ ጥቂት መንገድ ታደርሰዋለች፤ ነዳጅ ሲሞላ መልሶ መዝጋቱን ከረሳ ግን በሚቀጥለው ጊዜ በእግሩ ነው።

ዳኛው ቮልስ ጋ ሲደርስ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አይቀርብም። አሥር እርምጃ ያህል ርቆ በጎን በኩል ጎንበስ ይልና ላሜራውን በብርሃን አግድም ያየዋል። ስቱኮ የበዛበት በር እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ ብርሃኑ ይንቀጠቀጥበታል። ቀጥሎ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይከተላል፤ ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ መኪናዋ ተመትታ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱን በሩን ዝጋልኝ ይለዋል፣ መስኮቶቹ ተዘግተው። ጤነኛ ቮልስ አየር ስለማታስወጣ በሯ ትንሽ እምቢ ብሎ ነው የሚዘጋው፤ የጎማ ማሸጊያዋ ያለቀላት ግን ያለ ጭቅጭቅ ትዘጋለች። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንሣልኝ ይላል። ወንበሩ ሥር፣ መሀል ላይ ባለው የሻንሲው ጀርባ፣ ቁጥሯ ተመትቷል። ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ኮፈን ያስከፍትና ዲናሞው ከተቀመጠበት ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር ያነባል። ሁለቱ ከሊብሬው ጋር ከገጠሙ ፊቱ ይፈታል። የሻንሲው ቁጥር የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለው ግን የዳኝነት ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ያ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። እኛ ከአገው ምድር ጎረቤት ነን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ የአሜሪካው መኪና ክለብ ከተመሠረተ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ጥር 23 እንጅባራ የሄደ ሰው ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈረስ ሲመለከት አይቷል። ኮርቻው ላይ ያለው ጌጥ፣ ዛቡ፣ መጣብሩ ዓይን ይስባል። ሽማግሌው ግን ጌጡን አይቶ አያበቃም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የሻንሲ ቁጥር የመኪና ጥርስ ነው። የአገው ፈረሰኛ በጌጥ እንደማይታለለው ሁሉ፣ የመኪና ዳኛም በሰም በተወለወለ ቀለም መታለል የለበትም።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚመጣው «እንደ ፋብሪካው» የሚለው ቃል መልስ ሲያጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መልእክተኞች ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጧቸው የጫኗቸው በቮልስ ነው። ስንትና ስንት የክብር መኪና የነበራቸው ንጉሥ በዚያች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው ሄዱ። አሁን ያቺ ቮልስ አንድ ጋራዥ ጓዳ ውስጥ ተገኘች እንበል። ወንበሯ ተቀድዷል፣ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ፓራውልቷ ጎብጧል። ባለቤቱ እናንተን ቢያማክር ምን ትሉታላችሁ? ቀለም ቀባት፣ ወንበሯን አልብስ፣ ቸርኬዋን ኒኬል አስነክር? እኔ ብሆን ባለቤቱን እጅህን አንሣ ነው የምለው። ያ የተቀደደ ወንበር ንጉሡ የተቀመጡበት ወንበር ነው። አዲስ ሲለብስ መኪናዋ ሌላ ቮልስ ትሆናለች፤ ሌላ ቮልስ ደግሞ ሞልቷል።

ዓለም ይህን የተቀበለው ዘግይቶ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚደረግ የመኪና ውበት ውድድር አለ፤ በዘርፉ ከሱ በላይ የሚታወቅ የለም ማለት ይቻላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ታላቁን ሽልማት የሚወስዱት መርፌ እንኳ ሳይቀር የታደሱ፣ ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን ይልቅ ያማሩ መኪኖች ነበሩ። ያልታደሱ መኪኖች የራሳቸውን ምድብ ያገኙት በ2001 ነው። በ2024 ግን የ1934ቱ ቡጋቲ ታይፕ 59 አንደኛ ወጣ። በአንድ ወቅት የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሦስተኛ መኪና ነበር። አልታደሰም፤ ቀለሙ ያረጀ፣ ገጽታው የኖረበትን የሚናገር ነው። ካልታደሱት ምድብ መኪኖች ታላቁን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ «አላደስኩትም» ማለት ድህነት መሆኑ ቀረ።

ግን ጎጃም ውስጥ ያሉት መኪኖች የቡጋቲ ዓይነት ዕድል አላገኙም። በጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሰው አልኖሩም። የሠሩ ናቸው። ስለ ኤንትሬ የማነሣውም ለዚህ ነው።

ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የ682 ዘር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሠራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ያለው፣ አፍሪካ ውስጥ ንጉሥ እየተባለ የተጠራ የጭነት መኪና ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ ጭኖ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን የወጣ ኤንትሬ ስንት ነው? እንዲህ ያለ መኪና ውድድር ሜዳ ላይ ይቁም። የእንጨት ካሳው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ባሌስትራው ተጨምሮበታል፤ ፋብሪካው ያሰበው ጭነትና እኛ የጫንነው ጭነት አልተስማሙማ። ሰርባቶዮው ከሌላ መኪና ነው። ማርሚታው እዚህ የተበየደ ነው። ሞተሪኖው ስንት ጊዜ እንደተፈታ ቆጣሪ የለውም። በአሜሪካው ሚዛን ከ400 ላይ ሲቀነስ የሚቀረውን ባለቤቱ ባያይ ይሻላል።

ይህ ፍርድ ግን ልክ አይደለም የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ፊቫ የሚባለው የጥንት መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የቱሪን ቻርተር የተባለ ሰነድ አጽድቋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ መኪናው በሥራ ላይ እያለ፣ በዘመኑ የተደረገለት ለውጥ የታሪኩ አካል ነው፤ ከታሪኩ ላይ ፈቅፍቀው ካላወጡት አይባልም። አሁን የሚታደሰው ግን አሁን መታደሱ ይታወቅ፣ ይመዝገብ።

በዚህ ዓይን ስታዩት ኤንትሬው ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ወጣቶቹ ይህ ስህተት ይመስላችሁ ይሆናል፤ የጣሊያን ከባድ መኪና ሹፌር የተራራውን መንገድ ጠርዝ እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ነው። አገራችንም እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ የምትነዳው በግራ በኩል ነበር። የተጨመረው ባሌስትራም የአባይ በረሃ የጻፈው ጽሕፈት ነው። ዳኛ እዚያ ላይ ነጥብ ከቆረጠ መንገዱን ነው የቆረጠው። ትናንት ባለቤቱ ከቻይና አምጥቶ የለጠፈው ባለ ቀለም አምፖል ላይ ግን ይቁረጥ፤ እኔም እረዳዋለሁ።

ቮልስም ላይ እንዲሁ ያለ ጉዳይ አለ። የድሮዎቹ 6 ቮልት ነበሩ። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ገበያ ላይ ሲጠፋ የኛ ሜካኒኮች ወደ 12 ቀየሯቸው። በኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ውስጥ ያለውን ዢግለር የሚያሳንሱ አሉ፤ ይህ መኪናዋን ያስተነፍሳታል እንጂ አያበላሻትም። ዳኛው ፈረንጅ አገር ከሆነ ሁለቱንም ይቀንሳል። እዚህ ከሆነ እኔ የምመክረው፣ መኪናዋ በሥራ ላይ ሳለች በችግር የተቀየረ መሆኑን ባለቤቱ ካስረዳ አይቀነስበት፤ የፈታውን የ6 ቮልት ዕቃ ጠቅልሎ ከወንበር ሥር ካስቀመጠ ደግሞ ይመስገን። ማሳየትና መደበቅ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ የተበየደን ቦታ በስቱኮ የሚደብቅና ብየዳውን የሚያሳይ ሰው እኩል ነጥብ ሊያገኙ አይገባም።

ፊቫ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ጥንታዊ ለመባል መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት ሊሞላው ይገባል ይላል፤ እስማማለሁ። ቀጥሎ ግን የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሰው መኪና ጡረታ የሚወጣበት አገር የሚኖር ነው። እኛ ዘንድ 30 ዓመት የሞላው መኪና ነገም ጧት ሜዳው ላይ ሳይሆን መናኸሪያ ላይ ነው የሚገኘው። በዚህ ደንብ ከሄድን ከዱርቤቴ እስከ ቡሬ የሚወዳደር መኪና አናገኝም፤ የምናገኘው አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለእይታ የቆሙትን የንጉሠ ነገሥቱን መኪኖች ብቻ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ይህ ደንብ ይገልበጥ ነው የምለው፤ አሁንም የሚሠራ አሮጌ መኪና ከማይሠራው ይቅደም።

ደግሞም ያሉን አሮጌ መኪኖች እነዚህ የተረፉት ብቻ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሌላ ቮልስ ከውጭ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ለዕቃ ሲባል የምትፈቱት እያንዳንዱ መኪና ከቁጥሩ ላይ የሚጎድል ነው።

ስለ ሕዝብ ምርጫም ልናገር። ብዙ ክለቦች ከዳኞቹ ሽልማት ሌላ ተመልካቹ በድምፁ የሚመርጠው ሽልማት አላቸው። ደስ ይላል፤ ግን እዚህ ብናደርገው ውጤቱን አሁን ልንገራችሁ፤ ቀለሙ ደማቅ፣ መጋረጃው ባለ ዘርፍ፣ ግንባሩ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሣለበት አይሱዙ ያሸንፋል። ያሸንፍ፣ ምንም አይደለም። ዳኞቹ ግን ሜዳው ላይ የገዛ መኪናውን ያቆመ፣ የአክስቱን ልጅ መኪና የሚዳኝ፣ ከባለቤቱ ጋር ትናንት ቡና የጠጣ ሰው አይሁኑ። ዱርቤቴ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ዳኛ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከዳንግላ አንድ፣ ከመራዊ አንድ፣ ከፍኖተ ሰላም አንድ እናምጣ። ነጥብ የተቀነሰበት ወረቀትም ለባለቤቱ ይሰጠው። ምን ላይ፣ ስንት፣ ለምን እንደተቀነሰበት ያንብብ። ሳያሳዩ መቀነስ ቂም ነው የሚያተርፈው።

እኔ ብጠየቅ የመጨረሻውን ፈተና ዳገት አደርገዋለሁ። መኪናው ያለ ግፊ ይነሣ። ዳገቱ መሀል ይቁምና የእጅ ፍሬኑን ይያዝ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ አይቁምለት። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ይነሣና ይውጣ። ወደ ኋላ አንድ ክንድ ከተንሸራተተ ይቀነስበት። ከሞተሩ ሥር ካርቶን ይነጠፍና አሥር ደቂቃ ይጠበቅ፤ የሚንጠባጠበውን ዘይት ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። ዳኛም ባለቤትም በካርቶን ላይ አይከራከሩም።

ሽልማቱንም አስቤበታለሁ። ዋንጫ አትስጡት። ዋንጫ ሣሎን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ለአንደኛ አራት አዲስ ጎማ፣ ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሦስተኛ አንድ ሙሉ የሞተር ዘይት ለውጥ ከነፊልትሮው። ጎማ የሚለግስ ነጋዴ ከዚህ መካከል ካለ ሲወጣ ያናግረኝ። አሁን ጥያቄያችሁን፤ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት አባት እንጀምር፤ ከሁላችንም በፊት ኤንትሬ የነዱ ይመስለኛል።